ኦቬችኪን 895 ጎል አገባ፤ ግሬትስኪ ግን 1,016 አለው ይሉኛል። ታዲያ ሪከርዱ የማን ነው?

የማታ_ሹፌር፦

ሰላም ለዚህ ቤት። ስለ አይስ ሆኪ የሚያውቅ ሰው ይኖር ይሆን? ከእግር ኳስና ከሩጫ ውጪ እዚህ ብዙ ሲወራ አላየሁም፣ ግን ልሞክር።

እኔ ዲሲ ነኝ፣ ማታ ማታ ነው የምነዳው። ቻይናታውን ያለው አዳራሽ ጨዋታ ሲለቀቅ ሰው ስለሚጎርፍ ሰዓቱን ጠብቄ እዚያ አካባቢ እዞራለሁ። ቀይ ማሊያ የለበሰ ስጭን "አሸነፋችሁ?" ከማለት ውጪ ስለ ጨዋታው የማውቀው ነገር አልነበረም።

ኤፕሪል 4፣ 2025 ዓርብ ማታ አራት ሰው ጫንኩ፣ አራቱም የለበሱት የኦቬችኪንን ቁጥር 8 ነው። ከኋላ የተቀመጡት ሽማግሌ ድምፃቸው ተዘግቷል፣ ሲጮሁ አምሽተው ነው። "ሁለት አገባ! 894 ሞላ! እኩል ሆኑ!" ይላሉ። ከማን ጋር ነው እኩል የሆነው ብዬ ጠየቅኩ። ሰውዬው በመስታወት እንዴት እንዳዩኝ! አሰላ ላይ ቆሜ ኃይሌ ማነው ያልኩ ነው የሚመስለው።

ሁለት ቀን ቆይቶ እሁድ፣ ኒቆዲሞስ ነበር፣ ከቅዳሴ መልስ ሽሮዬን አቅርቤ ቴሌቪዥኑን ከፈትኩት። የዲሲው ቡድን ኒውዮርክ ሄዶ አይላንደርስ ከሚባል ቡድን ጋር ይጫወታል። ሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የኦቬችኪን 895ኛ ጎል ገባች። ሰውዬው በረዶው ላይ በደረቱ ተንሸራተተ፣ ጓደኞቹ ላዩ ላይ ተከመሩበት፣ ጨዋታው ጭራሽ ቆመ። ግሬትስኪ የሚባለው ባለሪከርድ ራሱ ወርዶ ማይክ ይዞ እንኳን ደስ አለህ አለው። ጨዋታ መሀል! ቡድኑ ደግሞ ያን ቀን 4 ለ 1 ነው የተሸነፈው፣ ማንም ጉዳዬ አላለውም። ሽሮው በረደ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ለከፈኝ።

አሁን ጥያቄዬ። ሰሞኑን አንድ ካናዳዊ ጫንኩና እንደ አዋቂ ልጫወት ብዬ ስለ ኦቬችኪን ሪከርድ ሳነሳ "ግሬትስኪ 1,016 አለው፣ ገና ነው" ብሎ አፌን ዘጋው። ቤት ገብቼ ሳየው ቁጥሩ እውነት ነው፣ የፕሌይኦፉ (የዋንጫው ጥሎ ማለፍ) ጎል ሲደመር! ታዲያ ያ ሁሉ ሥነ ሥርዓት ምን ነበር? እግር ኳስ ላይ ሮናልዶ ለክለብም ለአገርም ያገባው ሁሉ ተደምሮ ነው የሚወራው። እነዚህ ለምንድነው የፕሌይኦፉን ጎል የሚተዉት? የሚከብደው እሱ አይደል እንዴ?

ሌላው ደግሞ፣ ግማሹ "ድሮ በረኞቹ ወንፊት ነበሩ" ይላል፣ ግማሹ "አሁን ነው የቀለለው" ይላል። የቱ ነው እውነቱ? በአማርኛ አስረዱኝ እስቲ፣ በእንግሊዝኛው ሲከራከሩ ቁጥር እንደ ድንጋይ ነው የሚወራወሩት።

ኤድመንተን_በረዶ፦

እንኳን ለከፈህ ወንድሜ፣ እስካሁን ብቻዬን ነበርኩ። ካናዳ፣ ኤድመንተን ነኝ፣ 14ኛ ክረምቴ ነው። እዚህ ከተማ ሆኪ አልወድም ማለት አዲስ አበባ ተቀምጦ ቡና አልጠጣም እንደማለት ነው፤ ይቻላል፣ ግን ለምን እንደሆነ ሁሌ ትጠየቃለህ።

መልሱ አጭር ነው። ኤንኤችኤል፣ ሊጉ ማለት ነው፣ መደበኛውን ሲዝንና ፕሌይኦፉን የሚጽፈው በሁለት ደብተር ነው። "የምንጊዜም ጎል አግቢ" ሲባል የመጀመሪያው ደብተር ብቻ ነው የሚታየው። መደበኛው ሲዝን ለሁሉም ቡድን እኩል ነው፣ በእነ ኦቬችኪን ዘመን 82 ጨዋታ። ፕሌይኦፍ ግን ቡድንህ ካልገባ ቤትህ ትቀመጣለህ፣ ከገባም አንዱ በ4 ጨዋታ ሻንጣውን ይሸክፋል፣ ሌላው 20 ምናምን ይጫወታል። ግሬትስኪ በሰማንያዎቹ የኛ ከተማ ቡድን ኦይለርስ ውስጥ ነበር፣ ከነሱ ጋር 4 ዋንጫ በልቷል፣ ስለዚህ የፕሌይኦፍ በረዶ ጠግቦ ነው የተጫወተው። በመደበኛው 894፣ በፕሌይኦፍ 122፣ ድምሩ 1,016። ተሳፋሪህ አልዋሸም።

ግን የግሬትስኪን ሁለት ደብተር ደምሮ ከኦቬችኪን አንድ ደብተር ጋር አስተያይቶልህ ከሆነ ሸውዶሃል። ኦቬችኪን 895ኛዋን ባገባ ቀን የፕሌይኦፉ 72 ነበር። ስትደምረው 967። አዎ፣ እንደሱ ሲቆጠር ግሬትስኪ ይበልጠው ነበር። ግን ሁለቱም እኩል የሚለኩበት መንገድ የመጀመሪያው ደብተር ነው፣ ሥነ ሥርዓቱም ለሱ ነው።

ደግሞ አንዴ መደመር ከጀመርክ የት ታቆማለህ? በሰባዎቹ ደብሊውኤችኤ የሚባል ተቀናቃኝ ሊግ ነበር። ግሬትስኪ ኤንኤችኤል ሳይገባ በልጅነቱ እዚያ 46 አግብቷል። ጎርዲ ሃው፣ ከግሬትስኪ በፊት የነበረው ባለሪከርድ፣ ጫማውን ከሰቀለ በኋላ ተመልሶ ከገዛ ልጆቹ ጋር እዚያ ሊግ ውስጥ ተጫውቶ 174 አገባ። ከ801ዱ ጋር ደምረው፣ 975 ይሆናል። ቦቢ ሃል በኤንኤችኤል 610፣ በደብሊውኤችኤ 303። ያሮሚር ያገር የሚባለው ተጫዋች ሦስት ዓመት ሩሲያ ሄዶ ተጫውቶ ተመልሶ በኤንኤችኤል በ766 ጎል ነው የጨረሰው። ኦቬችኪን ራሱ አሜሪካ ሳይመጣ ሞስኮ ለዲናሞ ያገባውስ? ሁሉንም ካስገባህ ወረፋው ሁሉ ይተራመሳል።

ሁለተኛውን ጥያቄ ቁጥር ለሚወዱ እተዋለሁ፣ መምጣታቸው አይቀርም።

ሒሳብ_አይዋሽም፦

መጣሁ።

በ1981-82 ሲዝን በአንድ ጨዋታ በአማካይ 8 ጎል ገደማ ይገባ ነበር፣ የሁለቱም ቡድን ተደምሮ ማለት ነው። (ዓመቶቹን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ እንዳታምታቱ።) ግሬትስኪ 92 ያገባው በዚያ ሲዝን ነው። ኦቬችኪን በተጫወተበት ዘመን አብዛኛው ሲዝን ከ5 ተኩል እስከ 6 ትንሽ ፈቀቅ ያለ ነው። ስለዚህ "ድሮ ቀላል ነበር" የሚለው ሰውዬ ባዶ ወሬ አያወራም። የሰማንያዎቹን ቪዲዮ ክፈቱና በረኞቹን እዩ። እግራቸው ላይ ያሰሩት ነገር ቀጭን ነው፣ አብዛኞቹ ቆመው በእግራቸው ነው የሚመልሱት፣ ከታች ሁሉም ነገር ክፍት ነው። አሁን በረኛው እንደ በር የሰፋ ሰው ነው። ተንበርክኮ ሁለቱን እግሮቹን በረዶው ላይ ዘርግቶ ታችኛውን በሙሉ ይዘጋብሃል፣ የሚቀርህ ከትከሻው በላይ ያለች ጥግ ናት።

ቀጥሉበት። ኦቬችኪን በ2004 ቡድኖች አዳዲስ ተጫዋች ሲመርጡ አንደኛ ተብሎ ተመረጠ፣ ግን ባለቡድኖቹና ተጫዋቾቹ በደሞዝ ተጣልተው የ2004-05 ሲዝን ሙሉ በሙሉ ተሰረዘ። አንድ ዓመት ሙሉ! በ2012-13 በተመሳሳይ ጸብ 48 ጨዋታ ብቻ ተካሄደ። ከዚያ ኮቪድ ሁለት ሲዝን አሳጠረ፣ በመጀመሪያው ኦቬችኪን በ68 ጨዋታ 48 ጎል ላይ ነበር የቆመው። ሪከርዱን በሰበረበት ሲዝን ደግሞ ኖቬምበር ላይ እግሩ ተሰብሮ 16 ጨዋታ አመለጠው። በ39 ዓመቱ! ሲዝኑን በ44 ጎል ጨረሰ።

እኔን የሚገርመኝ ግን ሌላ ቁጥር ነው። ግሬትስኪ ዕድሜ ልኩን የተጫወተው 1,487 ጨዋታ ነው። ኦቬችኪን 895ኛዋን ያገባው በስንተኛ ጨዋታው ነው? በ1,487ኛው። ይህን ሰው ጽፎት ቢሆን "አትጋነን" እለው ነበር።

የማታ_ሹፌር፦

1,487ና 1,487??? ዛሬ ማታ የመጀመሪያው ቀይ ማሊያ ይቺን ይሰማታል።

አንድ ነገር ግን አልገባኝም። ጎሎቹን ዩቲዩብ ላይ እያየሁ ነበር፣ ግማሹ አንድ ጎል ነው የሚመስለው። ሰውዬው በግራ በኩል ክቡ ላይ ይቆማል፣ ያቀብሉታል፣ ይመታል፣ አለቀ። 20 ዓመት ሙሉ እዚያው! ሁሉም ካወቀ ለምን አንድ ሰው አያስቀምጡበትም?

ሒሳብ_አይዋሽም፦

ያቺን ቦታ "ቢሮው" ነው የሚሏት።

ጨዋታው አምስት ለአምስት ነው፣ ከበረኛው ውጪ። አንድ ሰው ጥፋት ሲሠራ ብዙ ጊዜ 2 ደቂቃ ውጪ ይቀመጣል፣ ያኔ አምስት ለአራት ይሆናል፣ ፓወር ፕሌይ ማለት እሱ ነው። አሁን አራት ሰው ነህ እንበል። አንዱን ሰውህን ኦቬችኪን ላይ ለጠፍከው። የቀሩት ሦስት ሰዎችህ ከአራት ሰው ጋር ቀሩ፣ በሩ ፊት ለፊት ያለው የዋሽንግተን ሰው ብቻውን ቆሞ ያገባብሃል። ካልለጠፍክበት ደግሞ ፓኩ፣ ያቺ በዱላ የምትመታው ጠፍጣፋ ጎማ፣ ይሄድለታል፣ ሳያቆም እንደመጣ ይመታዋል፣ በረኛው ከአንዱ ቋሚ ወደ ሌላው እስኪንሸራተት መረቡ ውስጥ ነው። ሁለቱም ያስበላሃል፣ እንግዲህ ምረጥ።

895ኛዋም እንደዚሁ ነች። ፓወር ፕሌይ፣ ቶም ዊልሰን ከቀኝ አሻገረ፣ ከግራ ክብ ጥይት። በረኛው ኢሊያ ሶሮኪን፣ እሱም ሩሲያዊ። ከዚያ ቀን በፊት ኦቬችኪን ሶሮኪን ላይ አግብቶ አያውቅም ነበር፣ አስቡት፣ ለዚች ቀን ያስቀመጠው ነው የሚመስለው። በፓወር ፕሌይ በተገባ ጎልም ከማንም በላይ ነው።

ተቃዋሚዎች "ባዶ ጎል" ይላሉ፣ ጨዋታ ሊያልቅ ሲል የተመራው ቡድን በረኛውን አስወጥቶ አጥቂ ሲጨምር የሚገባውን። እውነት ነው፣ ከሱ በላይ ባዶ ጎል ያገባ የለም። ከሱ በፊት ግን የዚህም ሪከርድ የግሬትስኪ ነበር፣ ስለዚህ ዝም ብንል ይሻላል።

ኤድመንተን_በረዶ፦

ባዶ ጎል ካነሳህማ ዝም አልልም።

ከጎል ሪከርድ ሁሉ እኔ የምወደው 50 ጎል በ50 ጨዋታ የሚለውን ነው። የሞንትሪያሉ ሞሪስ ሪሻር ነው በ1944-45 የጀመረው፣ የዚያን ጊዜ ሲዝኑ ራሱ 50 ጨዋታ ነበር። ከዚያ 36 ዓመት ማንም አልደገመውም። በ1980-81 ማይክ ቦሲ 50ኛው ጨዋታ ላይ ሁለት ጎል ቀርቶት ገባ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ደቂቃዎች ሲቀሩት ሁለቱንም አገባ። ሰው "ከዚህ በላይ አይሆንም" አለ።

በነጋታው ዓመት የኛው ልጅ ግሬትስኪ ዲሴምበር 30፣ 1981 ከፊላደልፊያ ጋር ሊጫወት እዚሁ ኤድመንተን በረዶ ላይ ወጣ፣ 38 ጨዋታ፣ 45 ጎል። ከሦስት ቀን በፊት ከሎስ አንጀለስ ጋር ሲጫወት አራት አግብቶ ነበር። ያን ማታ አራት ደገመ፣ 49። መጨረሻ ላይ ፊላደልፊያ በረኛውን አስወጣ፣ ግሬትስኪ ፓኩን አገኘና ባዶው መረብ ውስጥ ላካት። 50 በ39 ጨዋታ፣ 20 ዓመት ከ11 ወሩ ነው። 50ኛዋ ባዶ ጎል ናት ብሎ የሚያንቅ ሰው ካለ ይምጣና እዚህ ከተማ በአደባባይ ይናገር፣ እኔ አላስጥለውም።

ሐውልቱ አዲሱ ስታዲየም በር ላይ ነው፣ ዋንጫውን ከጭንቅላቱ በላይ አንስቶ። ጠዋት ወደ ሥራ ስሄድ በሱ በኩል ነው የማልፈው፣ ከዜሮ በታች 30 ሲሆን ዋንጫው ላይ በረዶ ተቆልሎ እንደ ዳቦ ይመስላል።

የቤቆጂ_ልጅ፦

እኔ ስለ ሆኪ ምንም አላውቅም፣ ግን ይህን ክርክር አውቀዋለሁ። የኛው ነው።

ቀነኒሳ 5,000ን በ2004፣ 10,000ን በ2005 ሰበረ። 12:37.35ና 26:17.53፣ ስልክ ቁጥሬን ብረሳ እነዚህን አልረሳም። 15 ዓመት ማንም አልነካቸውም። በ2020 ኦገስት ላይ ዩጋንዳዊው ቼፕቴጌ ሞናኮ ላይ 5,000ውን ወሰደ፣ ኦክቶበር ላይ ቫሌንሲያ 10,000ውን። በሁለት ወር ውስጥ ሁለቱም! ያን ማታ ቤታችን ለቅሶ የተደረሰ ነበር የሚመስለው። በማግስቱ "ጫማው ነው"፣ "መሮጫው ጠርዝ ላይ የሚሄደው መብራት ነው ፍጥነቱን የሰጠው" ማለት ጀመርን፣ እኔ ራሴ ከሁሉም በላይ ጮህኩ።

እውነት ነው፣ መብራቱ ነበር። ጫማውም ተለውጧል። ግን መብራቱ አልሮጠም፣ ሮጦ የጨረሰው ልጁ ነው። ቀነኒሳም ቢሆን ከአበበና ከምሩጽ የተሻለ ትራክ ላይ ነው የሮጠው፣ ያኔ አላነሳነውማ! በረኞቹ ቀጫጭን ነበሩ፣ ወፍራም ናቸው የምትሉት ነገር ለኔ እንደ ጫማው ነው። የራስ ሲሰበር ትዝ ይላል፣ የሰው ሲሰበር አይታወስም።

ኤድመንተን_በረዶ፦

@የቤቆጂ_ልጅ ይቺ ነካችኝ። እዚህ ያሉ ሽማግሌዎች 894 ሲያልፍ ልክ እንደዚያ ነበሩ፣ የሥራ ባልደረባዬ ለሁለት ቀን "የሰማንያዎቹ በረኛ ግን እኮ..." ይል ነበር። ማን ጠየቀህ? ማንም።

ግን የግሬትስኪ አያልቅም። ጎል ብቻ ሳይሆን አሲስትም፣ ለጎል ማቀበል ማለት ነው፣ ነጥብ ነው። የግሬትስኪ አሲስት 1,963 ነው። ሁለተኛው ያገር ጎሉም አሲስቱም ተደምሮ 1,921 ነጥብ አለው። ማለትም ግሬትስኪ በሕይወቱ አንድም ጎል ባያገባ እንኳ በነጥብ አንደኛ ነው። ይህን ለተሳፋሪህ ንገረው፣ ይታረቅሃል። በአንድ ሲዝን 92 ጎልም እስካሁን አልተደፈረም። በቅርቡ የተጠጋው ኦስተን ማቲውስ በ2023-24 69 ነው ያገባው፣ ለዚህ ዘመን ጉድ ነው፣ ግን 23 ይቀረዋል።

ሽበት፦

ልጆች፣ ጨዋታችሁን ሰምቼ ዝም ማለት አቃተኝ። ሲያትል ነው ያለሁት፣ የልጅ ልጄ ይህን ጨዋታ ይጫወታል፣ ጠዋት በ11 ሰዓት እያንቀጠቀጠኝ የምወስደው እኔ ነኝ። (በኛ ሰዓት ነው 11 ያልኩት።)

እኔ መጀመሪያ ያየሁት ቀን "ይሄማ ገና ነው!" ነው ያልኩት። ዱላው ጫፉ የታጠፈ፣ ሁለት ጎራ፣ ግፊያው፣ ቁርጭምጭሚት መመታቱ። እኛ ሜዳ ላይ በባዶ እግር ነበር፣ እነዚህ ቢላ ጫማ አድርገው በረዶ ላይ። "በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ" ይባል የለ? እዚህም ጓንታቸውን ጥለው በቡጢ ይደባደቡና 5 ደቂቃ ተቀጥተው ተመልሰው ይጫወታሉ። ያው ነው። ልዩነቱ እኛ ማን ስንት እንዳገባ የሚጽፍ ሰው አልነበረንም። እኔ ለምሳሌ ብዙ አግብቻለሁ፣ ምስክር ግን የለኝም።

አንድ ጥያቄ አለኝ። ይሄ ግሬትስኪ የተባለው ልጅ ሪከርዱ ሲወሰድበት እንዴት ነው እዚያ ቆሞ የሳቀው? እኔ ብሆን ቤቴ እተኛ ነበር።

ኤድመንተን_በረዶ፦

ጋሼ እንኳን ደህና መጡ! ምስክር ባይኖርም አምነንዎታል።

የሳቀው ከሃው ተምሮ ነው። ግሬትስኪ ልጅ እያለ ጣዖቱ ጎርዲ ሃው ነበር። የሃው ቁጥር 9 ነው፣ ግሬትስኪ ወጣት ቡድን ውስጥ 9ን ፈልጎ ሌላ ልጅ ይዞበት ስለነበር ነው ሁለት 9 የለበሰው፣ 99 የመጣው ከዚያ ነው። ሃውም በተራው 1963 ላይ የሪሻርን 544 አልፎ ነው ሪከርዱን የያዘው፣ ከዚያ 801 አድርሶ አስረከበ። በ1989 ግሬትስኪ የሃውን የነጥብ ሪከርድ ሲሰብር ሃው እዚያው ነበር። የት? እዚሁ ኤድመንተን! ግሬትስኪ ወደ ሎስ አንጀለስ ከተሸጠ በኋላ ነው፣ የሌላ ቡድን ማሊያ ለብሶ መጥቶ የገዛ ከተማው ላይ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ደቂቃ እንኳ ሳይሞላ ሲቀር አገባ፣ ሪከርዱም ተሰበረ፣ ውጤቱም እኩል ሆነ፣ ተጨማሪ ሰዓት ላይ ደግሞ ራሱ አግብቶ አሸነፈን። ሰው ለተቃራኒ ቡድን ቆሞ አጨበጨበ። የጎሉን ሪከርድ፣ 802ኛዋን፣ በ1994 ሎስ አንጀለስ ላይ ቫንኩቨርን ሲገጥም ነው ያገባት።

ሌላ ደግሞ ልንገርዎት። ጃንዋሪ 2006፣ ኦቬችኪን የመጀመሪያ ዓመቱ ነው፣ አሪዞና ላይ ተጠልፎ በጀርባው ወድቆ እየተንሸራተተ፣ ፊቱን ወደ ሌላ አዙሮ፣ በአንድ እጁ ዱላውን ከጭንቅላቱ በላይ ዘርግቶ አገባ። ዩቲዩብ ላይ አለ፣ የልጅ ልጅዎ ያውቀዋል። የተጋጣሚው ቡድን አሰልጣኝ ማን ነበር? ግሬትስኪ። ቆሞ ድጋሚውን ስክሪኑ ላይ ቀና ብሎ ሲያይ ይታያል። ማን እንደሚመጣበት ሪከርዱ ከመሰበሩ 19 ዓመት ቀድሞ ነው ያየው።

የማታ_ሹፌር፦

ጋሼ እርስዎማ የጨዋታው አባት ነዎት፣ ቀድመው ቢመጡ ኖሮ ለኔም ገና ነው ብለው ያስረዱኝ ነበር፣ በአንድ ቃል ይገባኝ ነበር።

እኔ ደግሞ አንዲት የማውቃትን ልጨምር፣ ሁሌ ከናንተ ስቀበል አልኖርም። ኦቬችኪን 900ኛዋን ኖቬምበር 5፣ 2025 እዚሁ ዲሲ ነው ያገባት፣ ከሴንት ሉዊስ ጋር። እኔ ያን ማታ አዳራሹ አካባቢ ቆሜ ሬዲዮ እየሰማሁ ነው። ቀን ቆጥሬ አይደለም፣ ሥራ ስለነበረ ነው፣ እሺ ትንሽ ቀን ቆጥሬያለሁ። በረኛው ቢኒንግተን ጎሉ ከገባበት በኋላ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ፓኩን አንስቶ ሱሪው ውስጥ ሸጎጠው! ታሪካዊ ፓክ ነው እኮ። ዳኛው ነው ያስመለሰው። በኋላ የጫንኳቸው ልጆች ቪዲዮውን እየደጋገሙ ከኋላ ወንበር ሲንከባለሉ አንዱ ቢራውን ወንበሬ ላይ ደፋው፣ 900 ስለሆነ ምንም አላልኩም።

ሒሳብ_አይዋሽም፦

ሌባ! ግን ትንሽ ገባኝ፣ 900 የሚባል ነገር በታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ላይ ሲገባ ቢያንስ ማስታወሻ ይቀርሃል።

በነገራችን ላይ በአንድ ጨዋታ ብዙ ጎል የሚለው ሪከርድ የኦቬችኪንም የግሬትስኪም አይደለም። ጆ ማሎን፣ የኩቤክ ሰው፣ ጃንዋሪ 31፣ 1920፣ ከቶሮንቶ ጋር ሲጫወት 7 ጎል። ከመቶ ዓመት በላይ ሆነው፣ እስካሁን አለ። የዚያን ጊዜ ፓኩን ማን ወስዶት ይሆን።

ሽበት፦

ስለ ፓኳ ካነሳችሁ አይቀር። የልጅ ልጄ አንድ ጨዋታ ላይ የተያዘች አምጥቶልኝ ነበር፣ ከባድ ናት ልጆች። የገና ጥንግ ስትመታ ትነጥራለች፣ ይቺ ለምን አትነጥርም? ጎማ አይደለችም እንዴ?

ኤድመንተን_በረዶ፦

ጎማ ናት ጋሼ፣ 170 ግራም ገደማ። እንዳትነጥር ከጨዋታው በፊት ያቀዘቅዟታል፣ ፍሪዘር ውስጥ ነው የምታድረው። ሞቃት ከሆነች በረዶው ላይ ትዘላለች፣ ዱላ ላይም አትቀመጥም።

ይህን እኔ ያወቅኩት ለልጄ ላሳየው ብዬ አንዷን ፍሪዘር ከትቼ ረስቻት ነው። ባለቤቴ ከአገር ቤት የመጣ በርበሬ ስታወጣ አብራ አገኘቻት። አንድ ሳምንት ሙሉ "ይሄ የተቃጠለ ድፎ ምንድነው?" ተብያለሁ፣ አሁንም እዚያው ናት፣ ከበርበሬው ጎን።